ቡናው ከጎማ፣ ግብሩ ለማን? የጅማ ዞን የበጀትና የገቢ ልዩነት፦ የጉዳይ ጥናት

ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት ከአጋሮ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ የተጓዘ ሰው፣ ኬላ ላይ ቆመው መሸኛቸውን የሚያሳዩ የቡና ጭነት መኪኖችን ሳያይ አይቀርም። ይህ ጥናት የሚነሣው ከእነዚህ መኪኖች አንዱን ተከትሎ በመሄድና አንድ ቀላል ጥያቄ በመጠየቅ ነው፦ በጆንያው ውስጥ ያለው ቡና ከጎማ ወረዳ ማሳ ተነሥቶ ወደብ እስኪደርስ ድረስ በየደረጃው ግብር የተከፈለበት ለማን ነው?

መጀመሪያ ገበሬው አለ። የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር በዓመት አንድ ጊዜ በቀበሌው በኩል ይከፍላል፤ ገቢውም የክልሉ ነው። ቀጥሎ እሸት ቡና ገዝቶ የሚያጥበው ወይም ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ሰብስቦ የሚፈለፍለው አቅራቢ ይመጣል። ይህ ሰው ግለሰብ ነጋዴ ከሆነና ፈቃዱን ያወጣው ከአካባቢው ከሆነ የትርፍ ግብሩን እዚያው ይከፍላል፤ ይህም የክልል ገቢ ነው። መኪናው 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ሲገባ ግን ሒሳቡ ሌላ መልክ ይይዛል። ላኪዎቹ በአብዛኛው ቢሯቸውም የንግድ ምዝገባቸውም እዚያ ነው። ላኪው ግለሰብ ነጋዴ ከሆነ የትርፍ ግብሩን ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ይከፍላል፤ ኩባንያ ከሆነ ደግሞ ግብሩ ፌዴራልና ክልል በጋራ ከሚካፈሉት ገቢ ውስጥ ይገባል፤ በዚህም ላይ ኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤቱን የት አደረገ የሚለው ነጥብ ክልሎች ለዓመታት ሲያነሡት የኖሩት ቅሬታ ነው። ወደ ውጭ በሚላክ ዕቃ ላይ ቀረጥ የመጣል ሥልጣን ከሆነ ደግሞ የፌዴራል መንግሥት ብቻ ነው። ስለዚህ ቡናው የተለቀመው፣ የታጠበውና የደረቀው በጅማ ሆኖ ሳለ፣ ከወጪ ንግዱ የሚገኘው ትርፍ የሚመዘገበው የጅማ እጅ በማይደርስበት መዝገብ ላይ ነው።

ይህ ነገር በጅማ ከተማ ሰዎች ዘንድ ባጭሩ «ቡናችን አገር ያኖራል፣ እኛ ግን» ተብሎ ይጀመርና በትከሻ ንቅናቄ ያበቃል። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ስለ ሌላኛው ግማሽ ነው። ያልተማከለው የበጀት አስተዳደር ወጪን ወደ ወረዳ አውርዷል፣ ገቢን ግን አላወረደም፤ ይህም አሠራር የቡና ዋጋ በወደቀ ጊዜ ለወረዳዎቹ መጠለያ ሆኗቸዋል፣ ዋጋው በወጣ ጊዜ ደግሞ ጭማሪው በአጠገባቸው አልፎ እንዲሄድ አድርጓል። በአካባቢዎች መካከል ያለው የገቢ ልዩነትም ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ገንዘብ በሚከፋፈልበት የድጎማ ቀመር በር ሲዘጋበት፣ ማንም በማይቆጥረው በመዋጮ በር ተመልሶ ይገባል።

የአባ ጅፋር ውል

በጅማ ስለ ግብርና ስለ ራስ አስተዳደር ሲነሣ ወሬው ዞሮ ዞሮ ጅሬን ኮረብታ ላይ ካለው ቤተ መንግሥት መድረሱ አይቀርም። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር በ1870ዎቹ ዓ.ም. ለምኒልክ ሲገብሩ ያገኙት ነገር በዛሬ ቋንቋ የበጀት ስምምነት ሊባል የሚችል ነው፦ በየዓመቱ የተወሰነ ግብር ወደ ማዕከል ይላካል፣ በምላሹም የአገሩ አስተዳደር፣ ፍርዱና የገበያው ቀረጥ በንጉሡ እጅ ይቆያል። በዙሪያዋ ባሉ አገሮች ጦር ሲሰፍርና መሬት ሲከፋፈል ጅማ ከዚህ የተረፈችው በዚህ ውል ነው። የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ከየአቅጣጫው የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች የሚገናኙበት ስለነበር፣ ገበያው የሚያስገኘው ቀረጥ እዚያው ቀርቶ የንጉሡን ግምጃ ቤት ይሞላ ነበር። ያን ዘመን በናፍቆት ለሚያነሡ ወገኖች ግን፣ በዚያ ገበያ ከሚሸጡት «ዕቃዎች» መካከል ሰው እንደነበረበት ማስታወስ ተገቢ ነው፤ ገንዘብ በአካባቢው መቅረቱ ብቻውን ለማን እንደተረፈ አይናገርም።

አባ ጅፋር በ1920ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ሲያርፉ ውሉ አከተመ፣ ግዛቱም በቀጥታ በማዕከሉ ሥር ገባ። ከዚያ ወዲህ ጅማ የከፋ ጠቅላይ ግዛት፣ በኋላም የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ሆና፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው በጀትም ሹመትም በእሷ በኩል የሚያልፍባት ማዕከል ሆነች። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ክልሎች ሲዋቀሩ ይህ ማዕከልነት አከተመ፤ ጅማ በኦሮሚያ ክልል ውስጥ ካሉ ዞኖች የአንዱ መቀመጫ ስትሆን፣ ከጎጀብ ወንዝ ማዶ ያለው የከፋ አገር በደቡቡ ክልል ሥር ገባ። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተቋቁሞ ቦንጋ የክልል መቀመጫ ሆናለች። ትናንት ከጅማ ትእዛዝ ትቀበል የነበረች ከተማ ዛሬ ከፌዴራል የሚመጣውን ድጎማ የምታደላድል መሆኗ፣ ለጅማ ነባር ነዋሪዎች ዝም ተብሎ የሚዋጥ ነገር አይደለም።

በሕጉ ውስጥ ዞን የለም

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የግብር ሥልጣንን በአንቀጽ 96፣ 97 እና 98 ለፌዴራል፣ ለክልልና ለሁለቱም በጋራ ይከፋፍላል። መሠረቱ ቀደም ብሎ በሽግግሩ ዘመን በወጣው አዋጅ ቁጥር 33/1985 የተጣለ ነው። በእነዚህ አንቀጾች ውስጥ ዞን የሚባል ባለመብት የለም፣ ወረዳም የለም። በኦሮሚያ ወረዳዎችና ከተሞች የተመረጠ ምክር ቤት ሲኖራቸው ዞን ግን የክልሉ አስተዳደር ቅርንጫፍ ነው፤ በጀት የሚያጸድቅለት የራሱ ሸንጎ የለውም። ስለዚህ «ጅማ ከቡናዋ ምን አገኘች» ብለን ስንጠይቅ፣ ሕጉ በዚህ ስም የማያውቀውን ሒሳብ እየጠየቅን መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ወረዳው ግብር ይሰበስባል እንጂ ግብር አይጥልም፤ የመሬት ክፍያውን ልክ የሚወስነው ክልሉ ነው።

ክፍፍሉ የተመሠረተው ሀብቱ በሚገኝበት ቦታ ሳይሆን በባለቤቱ ማንነት ላይ በመሆኑ አንዳንድ ጊዜ እንግዳ ውጤት ያመጣል። ሊሙ ላይ ያለው ሰፊ የቡና እርሻ በመንግሥት ድርጅት ሥር በነበረ ጊዜ የትርፍ ግብሩ የፌዴራል መንግሥት ነበር፤ በ2000ዎቹ ዓ.ም. ወደ ግል ኩባንያ ሲዛወር ያው ግብር የጋራ ገቢ ሆነ። ዛፎቹ እነዚያው ናቸው፣ ለቃሚዎቹም ከዚያው መንደር የሚመጡ ናቸው፤ የተለወጠው የድርጅቱ ማኅተም ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው የግልገል ጊቤ ግድብ ነው። በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውና 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የመጀመሪያው የግልገል ጊቤ ኃይል ማመንጫ ውኃውን ያቆረው በጅማ ዞን በሶኮሩ፣ በኦሞ ናዳ፣ በቀርሳና በጢሮ አፈታ ወረዳዎች መሬት ላይ ነው። የእርሻና የግጦሽ መሬት በውኃ ተውጧል፣ ሰዎችም ከቀያቸው ተነሥተዋል። ኃይሉን የሚሸጠው ድርጅት የፌዴራል ንብረት ስለሆነ በትርፉ ላይ የሚጣለው ግብር በአንቀጽ 96 የፌዴራል ነው፤ ለውኃ ኃይል የተለየ የክልል ድርሻም በ97ም ሆነ በ98 አልተጠቀሰም። በአንጻሩ አንቀጽ 97 ክልሎች በግዛታቸው ውስጥ በሚገኝ ውኃ ላይ ከሚሰጥ የትራንስፖርት አገልግሎት ግብር እንዲሰበስቡ ይፈቅዳል። ባጭሩ በዚያ ሐይቅ ላይ በጀልባ ሰው አሻግሮ የሚያድር ቢኖር ግብሩ የክልል ነው፤ ከሐይቁ የሚወጣው መብራት ግን የክልል አይደለም።

ሁለት ነገሮች የተገጣጠሙበት ዓመት

በ1994 ዓ.ም. በኦሮሚያ፣ በአማራ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች በጀት ከክልል በቀጥታ ወደ ወረዳ በጥቅል እንዲወርድ ተደረገ። ከዚያ በፊት የመምህሩም፣ የነርሷም፣ የግብርና ባለሙያውም ደመወዝ በየቢሮው መሥመር ከላይ ተወስኖ ይመጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወረዳው አንድ ጥቅል ገንዘብ ይቀበላል፣ በዚያም ምክር ቤቱ ለትምህርት ይህን ያህል፣ ለጤና ይህን ያህል እያለ ይደለድላል። በወረቀት ላይ ሲታይ ይህ ከአባ ጅፋር ውል ወዲህ ጅማ ያየችው ትልቁ የሥልጣን ዝውውር ነው።

ያው ዓመት የዓለም የቡና ዋጋ የተንኮታኮተበት ዓመት ነበር። ዋጋው በፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወርዶ፣ በጎማና በማና ወረዳዎች ብዙ ገበሬ ለለቀማ የሚያወጣውን እንኳ የማይመልስበት ደረጃ ደረሰ። ቡናውን ዛፉ ላይ የተወ ነበር፣ ጎን ለጎን ጫት የተከለም ነበር። ልጆች ከትምህርት ቤት ቀሩ፣ የአቅራቢዎች የባንክ ብድር ተበላሸ፣ የከተማው ሱቅ ሁሉ ቀዘቀዘ።

እንግዲህ በሐሳብ አንድ ነገር እንለውጥ። የቡና ግብር ሁሉ በ1994 ዓ.ም. ለአምራቹ ወረዳ ተሰጥቶ፣ ድጎማውም በዚያው ልክ ተቀንሶ ቢሆን ኖሮ፣ የጎማ ወረዳ በዚያው ዓመት የመምህራኑን ደመወዝ መክፈል ይችል ነበር? በእኔ ግምት አይችልም ነበር። ወረዳዎቹ ያን ዘመን ያለፉት ከላይ የሚወርደው ጥቅል በጀት ከቡና ዋጋ ጋር ያልታሰረ ስለነበረ ነው። «ቡናችን» የሚለው ክርክር ይህን ዓመት ሲዘለው አያለሁ፤ የወረዳው ነርስ ደመወዟ በወሩ መጨረሻ የደረሳት ግን ቡናው የለቀማውን ወጪ እንኳ ባልመለሰበት ዓመት ነበር።

መጠለያው ከ1997ቱ ምርጫ በኋላም ሌላ ፈተና ገጠመው። ለጋሾች በቀጥታ ለፌዴራል በጀት ይሰጡት የነበረውን ድጋፍ አቋርጠው፣ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራም በኩል ለወረዳ ደመወዝ እንዲውል አደረጉት። የወረዳው ሠራተኛ ለውጡን ያስተዋለው በደመወዙ ሳይሆን፣ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ለሕዝብ ግልጽነት ተብሎ በተለጠፈው የበጀት ሰሌዳ ነው።

ቀመሩ

ከፌዴራል ወደ ክልሎች የሚሄደውን ድጎማና የጋራ ገቢዎችን ክፍፍል የሚወስነው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 62 መሠረት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቀመሩ ትልቁን ክብደት ለሕዝብ ብዛት፣ ቀሪውን ለልማት ደረጃና ገቢ ለመሰብሰብ ለሚደረግ ጥረት ይሰጥ ነበር። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ አስተሳሰቡ ተለውጦ፣ የእያንዳንዱ ክልል የወጪ ፍላጎት በትምህርት፣ በጤና፣ በውኃ፣ በመንገድ፣ በግብርናና በአስተዳደር ተሰልቶ፣ ክልሉ ሊሰበስብ የሚችለው ገቢ ከዚያ ይቀነሳል፣ ጉድለቱም የድጎማው መሠረት ይሆናል። «ሊሰበስብ የሚችለው» የሚለው ቃል ወሳኝ ነው፤ ሐሳቡ የሰነፈ ክልል በስንፍናው እንዳይሸለም፣ የተጋ ክልልም በትጋቱ እንዳይቀጣ ነው።

በ1999 የሕዝብ ቆጠራ ኦሮሚያ ከአገሪቱ ሕዝብ ከ36 በመቶ በላይ ይዛ ነበር፤ ከድጎማው የሚደርሳት ድርሻ ግን አንድ ሦስተኛ አካባቢ ሲሆን ቆይቷል። እንደ ጋምቤላ፣ ሐረሪና ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ያሉ ሕዝባቸው አነስተኛ የሆነ ክልሎች በነፍስ ወከፍ ሲሰላ ከኦሮሚያ እጅግ የላቀ ያገኛሉ። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 89 በልማት ወደ ኋላ ለቀሩ ሕዝቦች ልዩ ድጋፍ እንዲደረግ ያዛል፣ አነስተኛ ክልልም ቢሆን ሙሉ ምክር ቤት፣ ሙሉ ካቢኔና ሙሉ ቢሮ ማቆም አለበት። ችግሩ ሌላ ነው፤ ከ1999 ወዲህ ቆጠራ አልተደረገም፤ ስለዚህ ዛሬም የሚደለደለው ገንዘብ የሚቆመው በዚያ ቆጠራ ትንበያ ላይ ነው። ልጆቹ ወደ ከተማ የፈለሱበት ቀበሌና በመጤ የተጨናነቀው የጅማ ከተማ ዳርቻ በትንበያው ውስጥ አንድ ዓይነት መልክ አላቸው።

ይህ ሁሉ እኩል የማድረግ ጥረት በሰዎች ኑሮ ላይ ምን አሳየ? በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የቤተሰብ ፍጆታ ወጪ ጥናት መሠረት ከአገሪቱ ሕዝብ 23.5 በመቶው ከድህነት ወለል በታች ነበር። ኦሮሚያ 23.9፣ አማራ 26.1፣ የያኔው ደቡብ ክልል 20.7፣ አዲስ አበባ 16.8 በመቶ ነበራቸው። በእነዚህ ቁጥሮች ኦሮሚያ ከአገሪቱ አማካይ በአንድ በመቶ ነጥብ እንኳ አትርቅም። በአንጻሩ ያው ጥናት የገጠሩን ድህነት 25.6፣ የከተማውን 14.8 በመቶ አድርጎታል። በትልልቆቹ ክልሎች መካከል ካለው ክፍተት በገጠርና በከተማ መካከል ያለው በግልጽ ይሰፋል። እንደ እኔ አመለካከት የቀመር ክርክራችን ሁሉ ክልልን ከክልል በማወዳደር የተጠመደው መለኪያው እዚያ ስለሚገኝ እንጂ ጉዳቱ እዚያ ስለበረታ አይደለም።

ሁለቱ ጠረጴዛዎች

አሁን ወደ ወረዳው እንውረድ። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የጅማ ዞን ወረዳ የፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የበጀት መዝገቡን ገልጦ ያሳየኝ የሒሳብ ሠራተኛ ጣቱን በሁለት መሥመሮች ላይ ብቻ አሳረፈ፦ ደመወዝና ሥራ ማስኬጃ። የመጀመሪያው መሥመር ገጹን ሊሞላው ምንም አይቀረው፤ ሁለተኛው ለጠመኔ፣ ለወረቀት፣ ለአበልና ለነዳጅ የተረፈው ነው። በግቢው ጥግ ጎማው የተነፈሰ ሞተር ብስክሌት ዛፍ ላይ ተደግፎ ቆሟል። የግብርና ባለሙያዋ መውጫ ቀኗን ስትጠይቀው «ነዳጅ በሦስተኛው ሩብ ዓመት ይለቀቃል፣ እስከዚያ በእግርሽ የምትደርሺበትን ሥሪ» አላት። እሷም ቅር አላላትም፤ የምትጠብቀው መልስ ነበር።

ያልተማከለ የበጀት ሥልጣን በዚህ ደረጃ ሲታይ ይህን ይመስላል። ምክር ቤቱ በጀቱን የመደልደል ሙሉ መብት አለው፤ ነገር ግን ደመወዝ ከተነሣለት በኋላ የሚደለድለው ጥቂት ነው። ተጨማሪ ገቢ ቢሰበስብስ? ክልሉ ለወረዳ የሚሰጠው ድጎማ ወረዳው የሚሰበስበው ገቢ ከወጪ ፍላጎቱ ላይ ተቀንሶ ስለሚሰላ፣ ዘንድሮ የተጋ ወረዳ ለከርሞ ዕቅዱ ከፍ ብሎ ይጠብቀዋል። የሒሳብ ሠራተኛው ይህን ሲያስረዳኝ የተጠቀመበት ቃል «ዕቅድ ያሳድግብናል» የሚል ነበር፤ «ያሳድግልናል» አላለም።

ታዲያ የመማሪያ ክፍሉን ጣሪያ፣ የጤና ኬላውን አጥርና ወደ ቀበሌው የሚያስገባውን ጥርጊያ መንገድ ማን ይሠራዋል? መዋጮ ነው። በለቀማ ወቅት ማብቂያ አንድ የጎማ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሁለት ጠረጴዛዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው አይቻለሁ። በአንደኛው ገንዘብ ተቀባይዋ የመሬት ክፍያ ደረሰኝ ትቆርጣለች። ነጭ ቆብ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ የዓምናውን ደረሰኝ ከኪሳቸው አውጥተው ከዘንድሮው ጋር ካስተያዩ በኋላ፣ ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀሉ «ያው ነው እንዴ?» ሲሉ ጠየቁ። «ያው ነው አባባ፣ መሬትዎ እኮ አልጨመረም» አለቻቸው። ክፍያው የሚሰላው በይዞታ ስፋት እንጂ በቡና ዋጋ ስላልሆነ መልሷ በትክክል ሕጉ ነው። ሽማግሌው ወደ ሁለተኛው ጠረጴዛ ዞሩ፤ እዚያ የትምህርት ቤት ኮሚቴው የመዋጮ ካርኒ ይዞ ተቀምጧል። በዚያኛው የከፈሉት በመጀመሪያው ከከፈሉት ብዙ እጥፍ ነበር።

የዚህ ጥናት ዋና ግኝት በእነዚህ ሁለት ጠረጴዛዎች መካከል ያለው ነው። የመጀመሪያው ጠረጴዛ በበጀት መዝገብ ይገባል፣ ቀመሩም ያየዋል፣ እኩል ለማድረግም ይታሰብበታል። ሁለተኛው አይታይም። ቡና በሚበቅልባቸው በጎማና በማና ዋጋ በደህናው ዓመት መዋጮው ይሞላል፣ ክፍል ይሠራል፣ ጠረጴዛና ወንበር ይገዛል። ይበልጡን በበቆሎና በጤፍ በሚኖሩት በሶኮሩና በኦሞ ናዳ ቆላማ ቀበሌዎች ደግሞ ኮሚቴው ያው፣ ካርኒውም ያው ሆኖ መዋጮው ይጎድላል። መምህሩ በሁለቱም ቦታ እኩል ደመወዝ ያገኛል፤ የሚያስተምርበት ክፍል ግን እኩል አይደለም። በአንድ ዞን፣ በአንድ ክልል፣ በአንድ ቀመር ሥር ያሉ ሁለት ወረዳዎች የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ከዚህም በላይ መዋጮ ከድሃውም ከባለጸጋውም በነፍስ ወከፍ ተቀራራቢ ስለሚጠየቅ፣ ያለ ሕግ የተጣለ፣ በድሃው ላይ የሚከብድ ግብር ነው ማለት ይቻላል፤ ማንም ግን በዚህ ስም አይጠራውም።

ሳይጠቀስ የማይታለፍ ሌላም ዝውውር አለ። በለቀማ ወቅት ከዳውሮ፣ ከከምባታና ከወላይታ ወደ ሊሙና ጎማ የሚመጡት ለቃሚዎች ደሞዛቸውን ቋጥረው ይመለሳሉ። ክልልን ከክልል የሚያካክስ ገንዘብ ነው፤ ቀመር የለውም፣ የሚጓዘውም በአውቶቡስ ነው።

ከተማው

የጅማ ከተማ ጉዳይ ሌላ ስለሆነ ባጭሩ እጠቅሰዋለሁ። በ1999 ቆጠራ 120,960 ነዋሪ የነበራት ከተማ በሊዝ፣ በጣሪያና ግድግዳ ግብርና በአገልግሎት ክፍያ የራሷን የማዘጋጃ ቤት ገቢ ትሰበስባለች፤ ይህ ገጠሩ የሌለው ዕድል ነው። የከተማዋን ኑሮ ይበልጥ የሚያቆመው ግን ከቀመሩ ውጪ የሚመጣ የፌዴራል ወጪ ነው። የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱና የግብርና ኮሌጁ በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው የተመሠረተው የጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ከነሆስፒታሉ፣ በፌዴራል በጀት የሚተዳደር ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞቹና ተማሪዎቹ በየወሩ በቆጪና በፈረንጅ አራዳ የሚያወጡት ገንዘብ የቤት ኪራዩን፣ ባጃጁንና ቁርስ ቤቱን ያቆማል። በ2011 ዓ.ም. ኅዳር መጨረሻ የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም የፌዴራል ኢንቨስትመንት ነው። እነዚህ ሁሉ በአንድ በኩል ጅማን ከሌሎች አካባቢዎች ጋር ሲያቀራርቧት፣ በሌላ በኩል ከተማዋን ከገጠሯ ያርቋታል። ዩኒቨርሲቲው ከተሠራበት ግቢ በአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ያለ ቀበሌ፣ በበጀት ረገድ ሌላ አገር ነው።

ገቢውን ወደ ምንጩ ለማቅረብ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከዓለም ዋጋ መጨመር ጋር ተዳምሮ፣ የቡና ዋጋ በብር ሲሰላ ዘለለ። በ2017 የበጀት ዓመት አገሪቱ ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አገኘች። ገበሬው ከዚህ የድርሻውን አግኝቷል፤ በአጋሮ አዲስ የቆርቆሮ ጣሪያና ሞተር ብስክሌት በዓይን ይታያል። የወረዳው በጀት ግን ከዚህ ጭማሪ ጋር የሚያገናኘው ቧንቧ የለውም፤ ይልቁንም የነዳጁና የወረቀቱ ዋጋ በዚያው ምንዛሪ ጨመረበት።

ብዙ ጊዜ የሚሰነዘረው መፍትሔ የላኪ ኩባንያዎች የትርፍ ግብር በተመዘገቡበት ሳይሆን ምርቱ በተገኘበት ቦታ እንዲታሰብ ማድረግ ነው። ፍትሐዊነቱ አያጠራጥርም፤ የጋራ ገቢ ክፍፍል የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሥልጣን ስለሆነም ሕገ መንግሥት ሳይነካ ሊወሰን ይችላል። ነገር ግን ገንዘቡ የሚደርሰው ኦሮሚያ ጋ ነው እንጂ ጎማ ጋ አይደለም፤ ከክልሉ ወደ ወረዳ የሚወርደው በሌላ ቀመር ነው። በቀጥታ ጎማ ይድረስ ከተባለ ደግሞ ከሶኮሩ ጋር ያለው ልዩነት ይሰፋል፣ በ1994 ዓ.ም. ዓይነት ዓመት ሲመጣም ጎማ ራሷ ትጋለጣለች። እኔ የምመርጠው መጠኑ ያነሰ፣ ግን ወደ መሬት የቀረበ እርምጃ ነው፦ ክልሉ የመሬት ክፍያውን ከሰብሉ ዓይነትና ከጥቂት ዓመታት አማካይ ዋጋ ጋር ቢያያይዘው፣ ጭማሪውም ከወረዳው ድጎማ ላይ ለተወሰኑ ዓመታት ባይቀነስ፣ በሁለተኛው ጠረጴዛ የሚሰበሰበው መዋጮም በየወረዳው ተመዝግቦ በክልሉ ቀመር ውስጥ እንደ አቅም ቢቆጠር። ያን ጊዜ መዋጮው የሚሞላለት ወረዳና የሚጎድልበት ወረዳ በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ጎን ለጎን ይታያሉ።

ኅብረት ሥራ ማኅበራት በበኩላቸው ሌላ መንገድ አሳይተዋል። በጎማ የሚገኘው የዱሮሚና ማኅበር ገበሬዎች የራሳቸውን ቡና ማጠቢያ አቁመው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍሪካ የቡና ጣዕም ውድድር አንደኛ ወጡ። ስሙ በኦሮምኛ ብልጽግና ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቡናቸው በስሙ እየተጠራ የተሻለ ዋጋ አገኘ፣ ትርፉም ሲከፋፈል እዚያው መንደር ገባ። ይህ የሆነው ማንም የግብር ሥልጣን ሳያስተላልፍላቸው ነው፤ አዲስ አበባ ይመዘገብ የነበረው የዋጋ ጭማሪ አንድ ክፍል ወደ ማጠቢያው ጣቢያ ወረደ፤ ማኅበሩ በሌለበት፣ ቡናም በማይበቅልበት በግድቡ ዳር ባለው ቀበሌ ግን የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ካርኒውን ይዞ መኸሩን እየጠበቀ ነው።